ላልቶ ሲነበብ

ጋሽ ልክ ዋሽተው አያውቁም ይባላል። የሚባለውን ሁሉ አትመኑ! አንድ ጊዜ ዋሽተዋል፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም የአንዲት ምስኪን ልጅ ዓይን ዓይኗን እያዩ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያቺ ውሸት ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ስትቆረቁራቸው ኖራለች።

"ልክ" እውነተኛ ስማቸው አይደለም። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ስሙን ያወጡላቸው ሠራተኞቻቸው ናቸው። ሰው ገና በሩን ገፋ አድርጎ ሲገባ የደረቱንም የወገቡንም ልክ በዓይናቸው ይጨርሱታል። ሜትሩን ከአንገታቸው ላይ የሚያወርዱት ደንበኛው እንዳይከፋው ብለው ብቻ ነው። አንደኛው ምክንያት ይሄ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሠራተኛ ልክ ማስገባት ይችሉበት ነበር። አቤት ሲችሉበት!

የስፌት ቤታቸው አሁን የለም። ቦታው ላይ የስልክ መሸጫ ተከፍቷል፤ ጋሽ ልክ በዚያ ባለፉ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ማዶ ያዞራሉ። ያኔ ግን ምን የመሰለ ቤት ነበር! ረጅም ክፍል፣ በግራ አራት በቀኝ አራት የስፌት መኪና፣ መሐል ላይ የመቁረጫ ጠረጴዛ። ጠረጴዛው የስንት ዓመት መቀስ ጫጭሮት ጠርዙ ሸካራ ሆኗል፤ አዲስ ሰው እጁን ካሳረፈበት ስንጥር ሳይወጋው አይቀርም። ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ የጠመኔው ብናኝ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ይታያል። ስምንቱ መኪና አንድ ላይ ሲነሳ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የወረደ ይመስል ነበር። ዛሬም ቢሆን ጋሽ ልክ የካውያ እንፋሎት ከሸተታቸው ሆዳቸው ባር ባር ይላል፤ ባለቤታቸው ይህን ስለሚያውቁ ልብስ የሚተኩሱት እሳቸው ከቤት ሲወጡ ጠብቀው ነው።

ያ ቤት አንድ ሕግ ነበረው። አመሻሽ ላይ ሠራተኛው ሲወጣ ጋሽ ልክ የቀኑን ሥራ አንድ በአንድ ያያሉ። ጉድለት ያገኙበት ልብስ ላይ ቁራጭ ወረቀት በእስፒል ይሰካሉ፤ ወረቀቷ ላይ አንድ ቃል ትጻፋለች። "ጠባብ።" "አጭር።" "ጠማማ።" "ይፈታ።" ሠራተኛው በማግስቱ ገብቶ ወረቀቱን ያያል፣ ምላሱን ይውጣል፣ ፈትቶ እንደገና ይሰፋል። ወረቀት የሌለበት ልብስ ደህና ነው ማለት ነው፤ በቃ። ምስጋና የሚባል ነገር በዚያ በር ገብቶ አያውቅም። "ደህና ሠራህ ብዬ እጅ ልንሳው እንዴ? ደህና ሊሠራ አይደል የመጣው?" ይሉ ነበር ጋሽ ልክ።

ከስምንቱ ሠራተኞች አንዱ ቁልፍ የሚተክለው ሰውዬ ነው፤ "ቁልፌ" ነው የሚሉት። ለሰው ልብስ ሁሉ ቁልፍ እየተከለ የራሱ አፍ ግን ቁልፍ የሌለው ሰው ነበር። "ከጋሽ ልክ ምስጋና መጠበቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው" እያለ ያስቃቸዋል። ይስቃሉ፤ ግን ሳቁ ጋሽ ልክ ብቅ ሲሉ ፀጥ ይላል።

ቀጭኔ የመጣችው እንግዲህ ወደዚህ ቤት ነው።

ይህንንም ስም ያወጣው ያው ቁልፌ ነው። ልጅቷ ቁመቷ ረጅም፣ አንገቷ ረጅም፣ ገላዋ ቀጭን፤ ስትፈራ ደግሞ አንገቷን ብቅ አድርጋ ዙሪያዋን ታያለች። "ቀጭን ናት ብትሉ ቀጭን፣ ቀጭኔ ናት ብትሉ ቀጭኔ" አለ፤ ስሙ እዚያው ተጣበቀ። ሃያ ዓመቷ ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ አክስቷ ቤት ነው የኖረችው፤ አክስትየዋ ደግሞ እህል የምታቀርበው ከስድብ ጋር ነው። "የነካሽው ሁሉ ይበላሻል።" "እርባና ቢስ!" "አንቺን ደግሞ ማን ሰው ብሎ?" ልጅቷ ይህን እየሰማች ጥቂት ስፌት ከጎረቤት ቀሰመችና ጋሽ ልክ በር ላይ ቆመች። የሁለት ሳምንት ሙከራ ሰጧት። ካልሆነላት ወደ አክስቷ ጓዳ መመለሷ ነው፤ ሌላ መግቢያ የላትም። የጨርቅ ከረጢቷን ግድግዳው ላይ ስትሰቅለው እንኳ ቶሎ እንዲወርድላት አድርጋ ነበር።

መጀመሪያ ጓሮ ባለችው ክፍል ልብስ ስትተኩስ ሰነበተች። ስለዚህ የወረቀቱን ሕግ የነገራት ሰው የለም፤ እሷም አልጠየቀች። ሁለተኛው ሳምንት ሊያልቅ ሲል ጋሽ ልክ የተቆረጠ ነጭ ጨርቅ ሰጧት። የሐኪም ቤት ጋውን ነው። "ይህን ብቻሽን ሰፍተሽ አሳዪኝ" አሏት። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ሰፋች። ሻይ እንኳ አልጠጣችም።

አመሻሽ ላይ ጋሽ ልክ ጋውኑን አንስተው አዩትና "ወይ ጉድ!" አሉ። ወገቡ ሁለት ሰው ያስገባል። አንድ ቃል ጻፉና እስፒሉን ሰኩበት። ቤታቸው ገብተው ለባለቤታቸው "ያቺ ልጅ አልሆነችም፤ ነገ አሰናብታታለሁ" አሉ። ባለቤታቸው "አፈር ስሆን፣ ትንሽ ታገሣት" ቢሉ ማን ሰምቷቸው! ልክ ልክ ነው።

በማግስቱ ጋሽ ልክ ሲገቡ ልጅቷ ቀድማ ገብታለች። ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ፊቷ፣ ያ ሁልጊዜ የፈራ ፊቷ፣ በርቷል።

"ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለች።

"ለምኑ?"

"ለጻፉልኝ ነዋ!"

"ምን ብዬ ጻፍኩ?"

"ሰፊ" አለች፤ ላላ አድርጋ።

ይኸውላችሁ፣ ቋንቋችን ጉደኛ ነው። "ሰፊ" ብላችሁ "ፊ"ን ጠበቅ ስታደርጉት ልብሱ ሰፍቷል ማለት ነው፤ ስህተት ነው፣ ይጥበብ ማለት ነው። ላላ ስታደርጉት ግን የሚሰፋ ሰው ነው፤ ልብስ ሰፊ፣ ባለሙያ። ወረቀት ላይ ደግሞ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሁለት ፊደል ብቻ። ጋሽ ልክ ጠብቆ ጻፉት፣ ልጅቷ ላልቶ አነበበችው። እሷ እንደሆነ መርፌ አክላለች፤ ሰፊ ብሎ ስለ ገላዋ የሚጽፍ የለም። ስለ ጋውኑ ይሆናል ብላ አላሰበችም፤ ሕጉን አታውቅማ! ታዲያ ምን ቀረ?

"ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም" አለች። "ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ። እኔን! ይህን ወረቀት ለአክስቴ ነው የማሳያት።"

ጋሽ ልክ አፋቸውን ከፈቱ። "ጋውኑ ነው እንጂ አንቺ ነሽ እንዴ?" የሚለው ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሷል። "ነገሩ እንግዲህ አልሆነልሽም፣ ሂጂ" የሚለውም ከኋላው ተሰልፏል። ፊቷን አዩት። በሃያ ሁለት ዓመት የስፌት ዘመናቸው ስንት ፊት አይተዋል፤ እሳቸው በጻፉት ወረቀት ምክንያት የበራ ፊት ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው።

"አዎ" አሉ። "ሰፊ ነሽ።"

አሉት! ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ጋሽ ልክ ራሳቸው ደንግጠው መግቢያ ጠፋቸው። ከፊታቸው ዞር እንድትልላቸው ብቻ ብለው "ሰፊ ደግሞ የሌላ ሰው ዓይን አይጠብቅም። ጋውኑን ውሰጂና ጉድለቱን ራስሽ ፈልገሽ አምጪልኝ" አሏት። እንዳሏት ጋውኑን አቅፋ ወደ ጓሮ ክፍል ገባች።

አንድ ሰዓት ያህል ቆየች። ጋሽ ልክ በመሐል ሲያልፉ ከረጢቷ ከግድግዳው ወርዶ ጭኗ ላይ እንደሆነ አይተዋል፤ ነገሬ አላሉትም። በኋላ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ወገቡ አራት ጣት ሰፍቷል ጋሼ" አለች።

ጋሽ ልክ አሁን ይገባታል፣ አሁን ወረቀቱን ፊቴ ላይ ትወረውራለች ብለው ጠበቁ። ልጅቷ ግን ቀና ብላ አየቻቸውና "ላጥብበው?" አለች።

"አጥብቢው።"

ጠበበ። ከሰዓት በኋላ ከረጢቷ ወደ ግድግዳው ተመልሶ ነበር፤ ጥሩ ተደርጎ ተሰቅሎ። ጋሽ ልክ "እፎይ፣ አልገባትም" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ቤት ገብተው ለባለቤታቸው የሆነውን ሲነግሯቸው ባለቤታቸው ሳቁና ሆዳቸውን ያዙ። "አንተ ሰውዬ፣ ሰው ማመስገን የቻልከው በስህተት ነው በለኛ!"

"አትሳቂ! ዋሽቻለሁ እኮ።"

"ታዲያ ነገ አስተካክለዋ።"

"እንዴት?"

"ሰፊ አድርጋት፤ ያኔ ውሸት መሆኑ ይቀራል" አሉ ባለቤታቸው፤ ሳቃቸው ገና አላለቀም።

ለቀልድ ነው ያሉት። ነገሩ ግን እንደዚያው ሆነ። ሰፊ ካሏት በኋላ "ተመለሽና ልብስ ተኩሺ" ማለት አይቻልም። ጋሽ ልክ ሳይወዱ በግድ መቁረጫ ጠረጴዛው ጋ አቆሟት። ኮሌታ አሳዩአት። እጅጌ መግጠም አሳዩአት። ሲያሳዩአት ደግሞ እንደ ሰፊ ነው የሚያናግሯት፤ "ይሄ እንኳ አይጠፋሽም"፣ "አንቺ ይሄን ታውቂዋለሽ" እያሉ፤ ውሸቷ እንዳትነቃ ብለው! ልጅቷም የማታውቀውን እንደምታውቅ ሰው ሆና ትቀመጥና እስክታውቀው ድረስ አትነሣም። ይሄን ያህል የሚፈታ፣ ይሄን ያህል የሚሰፋ ሰው አይተው አያውቁም። በዓመቱ እጅጌ ስትገጥም ጋሽ ልክ ራሳቸው ሥራ አቁመው የሚያዩአት ሆነች።

አንድ ቀን የቁልፌን ሥራ እያዩ ነው። ቁልፌ ወሬ ይወዳል፣ ሲያወራ ክሩን አያጠብቅም፣ ቁልፉ ይወድቃል። ስንት ጊዜ "ይፈታ" ጽፈውበታል፤ ምንም ለውጥ የለም። ጋሽ ልክ እርሳሱን አንስተው "ይፈታ" ሊሉ ሲሉ እጃቸው ቆመ። ምን እንደነካቸው እንጃ። "ይህ ያንተ እጅ አይደለም" ብለው ጻፉና ሰኩት።

በማግስቱ ቁልፌ አነበበው። "የማን ነው ታዲያ? የጎረቤት ነው?" ብሎ ቀለደ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣና ብዙ ቆየ። ሲመለስ ሳይናገር ተቀምጦ አሥራ ሁለቱንም ቁልፍ ነቅሎ እንደገና ተከለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚያ ቤት የወጣ ልብስ ቁልፉ ወደቀ ሲባል የሰማ የለም። አፉማ እንደዚያው ቀረ፤ ለአፍ ክር አይገኝለትም።

ከዚህ በኋላ በቤቱ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ነገር ተለወጠ። እነዚያ ዓመታት ናቸው ጋሽ ልክ ዛሬ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያዩአቸው። ሰው ወረቀቱን አንብቦ ፈገግ ሲል፤ የአራት ሰዓቱ ሻይ ሲመጣ እሳቸውም አብረው ሲቀመጡ፤ ቁልፌ እሳቸውን እያስመሰለ ሲያወራ እሳቸው ራሳቸው እስኪያነቡ ሲስቁ። ደግ ዘመን ነበር። ግን ያ ሁሉ ደግ ነገር የበቀለው ከአንድ ውሸት ነው፤ ይቺ ሐሳብ በመጣች ቁጥር ሳቃቸውን ታቋርጠዋለች።

ቀጭኔ ዘጠኝ ዓመት አብራቸው ሠርታ የራሷን ቤት ከፈተች። ስትሄድ ጉልበታቸውን ስማ አለቀሰች። ዓመታት አለፉ፤ የጋሽ ልክ ዓይን ደከመ፣ እጃቸው መርፌ መያዝ አቃተው፣ ቤቱ ተዘጋ፣ ስምንቱም መኪና ተሸጠ። ጠረጴዛውን ማን እንደወሰደው እንኳ አያውቁም።

እንግዲህ ባለፈው ወር ነው ቀጭኔ ቤታቸው የመጣችው። አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ልጆቿን ድራለች፣ ጠጉሯ ሸብቷል፣ አንገቷ ግን ያው ነው።

"ጋሼ፣ አዲሱ የስፌት ቤቴ አለቀ" አለች። "አርባ መኪና ነው። ያችን ወረቀት ያስታውሷታል? በመስታወት አስገጥሜ ግድግዳው ላይ ሰቅያታለሁ። የሚከፈት ዕለት መጥተው ሠራተኞቼ ፊት የጻፉባትን ቀን ይንገሩልኝ። እምቢ እንዳይሉኝ!"

ጋሽ ልክ "እሺ" አሉ። ምን ይበሉ?

እሷ ከወጣች በኋላ ግን ጭንቅ ገባቸው። ምግብ አልበላ አላቸው። አርባ ሰው ፊት ቆመው "አዎ፣ ሰፊ ብዬ ነው የጻፍኩላት" ይበሉ? በሰማንያ ዓመታቸው ያችን ውሸት በአደባባይ ይድገሟት? እውነቱን ልናገር ቢሉ ደግሞ፣ ያቺ ልጅ ዕድሜዋን ሁሉ የቆመችባትን ቃል ከእግሯ ሥር መንጠቅ ነው። "ልጄ ሆይ፣ ጋውኑን ነበር ያልኩት፤ አንቺንማ ላባርርሽ ነበር።" ይህን በየትኛው አፋቸው ይናገሩታል?

ባለቤታቸው "ሆድ ይፍጀው" አሉ። "ሠላሳ አንድ ዓመት የቆመ ቤት ምሰሶው ይነቀላል?"

"ምሰሶው ውሸት ከሆነስ?"

"ቤቱ ቆሟላ! አንተ ምን አገባህ?"

"ልክ አይደለም" አሉ ጋሽ ልክ።

"ኤዲያ! አንተና ልክህ!" ብለው ባለቤታቸው ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ነው። ጋሽ ልክ ከዘራቸውን ይዘው፣ ባለቤታቸው ክንዳቸውን ይዘው ገቡ። አዲሱ ቤት ሰፊ ነው፤ ይህኛው ጠብቆ ነው የሚነበበው። አርባው መኪና እየሠራ ነበር። ያ ድምፅ! ጋሽ ልክ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። የካውያው እንፋሎት ሸተታቸው። የጠመኔው ብናኝ ፀሐዩ ውስጥ ሲንሳፈፍ አዩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ባለቤታቸው አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ግድግዳው ላይ ወረቀቷ አለች። ቢጫ ሆናለች። እስፒሉ የበሳት ሁለት ቀዳዳ እንኳ ይታያል። ሁለት ፊደል፣ የእሳቸው እጅ ጽሑፍ። ከሥሯ ቀጭኔ አንዲት ሴት ሠራተኛ አጠገብ ጎንበስ ብላ የተንሻፈፈ ኮሌታ እያየች ነው። ሴትየዋ ደንግጣለች። ቀጭኔ ትከሻዋን ቸብ አደረገቻትና "ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም" አለቻት። ሴትየዋ ኮሌታውን ራሷ አንስታ መፍታት ጀመረች።

ጋሽ ልክ ይህን ሰሙ። አሁንስ ከበደኝ አሉ በሆዳቸው።

"ጋሼ! መጡልኝ!" ቀጭኔ እየሮጠች መጣች። "ከንግግሩ በፊት አንድ ነገር አለኝ" ብላ ጣቃ ጨርቅ የተደረደረበት ክፍል አስገባቻቸውና በሩን ዘጋች። ማንጠልጠያ ላይ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል። "ለእርስዎ ነው። በራሴ እጅ የሰፋሁት።"

"መቼ ለካሽኝ?"

"ልክዎን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ያኔ ስንት ኮትዎን ተኩሻለሁ!"

አለበሰቻቸው። ምን የመሰለ ሥራ ነው! ገበሩ፣ ኮሌታው፣ የእጅጌው አገባብ፤ እንከን የለውም። ግን እሷ የምታውቀው የያኔውን ጋሽ ልክ ነው፤ ደረተ ሰፊውን። የዛሬዎቹ ጋሽ ልክ እርጅና አሟሟቸው፤ ትከሻው ተንጠልጥሏል፣ እጃቸው እጅጌው ውስጥ ጠፍቷል። መስታወቱን አዩ። የሃምሳ ዓመት ልማድ ነውና ከአፋቸው አመለጠ።

"ሰፊ ነው" አሉ፤ ጠበቅ አድርገው።

ወዲያው ደነገጡ። ቃሏ ክፍሉ ውስጥ ቆማ ቀረች።

ቀጭኔ ጫፉን ለመስካት ተንበርክካ ነበር፤ እስፒሎቹን ከከንፈሯ አወጣች። ቀና ብላ አየቻቸው።

"የቱ ጋሼ? ኮቱ ነው ወይስ እኔ ነኝ?" አለች፤ ፈገግ ብላ።

ጋሽ ልክ ጣቃው ላይ ተቀመጡ።

"ታውቂያለሽ" አሉ።

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዚያው ከጠዋቱ። 'ጉድለቱን ፈልገሽ አምጪ' ብለው ሰደዱኝ አይደል? ገልብጬ ለካሁት። ወገቡ ጋ ስደርስ አራት ጣት ተረፈ። ጋውኑን አየሁ፣ ወረቀቱን አየሁ፤ ገባኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ! እንደዚያ ብዬ አመስግኜዎት! ከረጢቴን አወረድኩት። በጓሮ በር ልወጣ ነበር።"

"አይቼዋለሁ ከረጢቱን" አሉ ጋሽ ልክ። "ታዲያ ለምን ቀረሽ?"

"ቁልፌ በገባሁ ቀን 'ጋሽ ልክ ለእናታቸው እንኳ አይዋሹም' ብሎኝ ነበር። ለእናታቸው የማይዋሹት ሰውዬ ለእኔ ዋሹ። አክስቴ ስለ እኔ ክፉውን እውነት ስትናገር ነው የኖረችው፤ ስለ እኔ ጥሩ ነገር ለመናገር ብሎ ራሱን ያበላሸ ሰው ግን አልነበረም።" እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ከሄድኩ ውሸታም ሆነው ይቀራሉ። ሰፊ ከሆንኩ ግን አልዋሹም። ቁጭ ብዬ አሰብኩት ጋሼ። እርስዎ ውሸታም እንዳይሆኑ ብዬ ነው ስፌት የተማርኩት።"

ጋሽ ልክ አለቀሱ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀሱት፤ አዲሱ ኮት እጅጌ ላይ። እሷም አለቀሰች። ትንሽ ቆይተው "ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ትያለሽ?" አሏት፤ ቁጣ አማራቸው።

"እርስዎስ?" አለች።

ሁለቱም ሳቁ። ከበር ውጪ ቆመው የሚያዳምጡት ባለቤታቸውም ሳቃቸው ተሰማ፤ ለካ ጆሯቸው በሩ ላይ ነበር።

"ይንገሯቸው" አለች ቀጭኔ ኮታቸውን እያስተካከለች። "ሁሉንም ይንገሯቸው። እንደሆነው።"

ጋሽ ልክ ወጡ። መኪናው ሁሉ ቆመ። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በሰፋው ኮታቸው ውስጥ ሆነው፣ እንደሆነው ተናገሩ፤ ጋውኑን፣ አራቱን ጣት፣ ሊያባርሯት እንደነበር፣ "አዎ" ማለታቸውን። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ወደ ወረቀቷ ዞሩ። ያቺ ኮሌታውን ስትፈታ የነበረችው ሴት ኮሌታውን ደረቷ ላይ ይዛ ታዳምጣለች። ቁልፌ አርጅቶ ጥግ ላይ ወንበር ተሰጥቶት ተቀምጧል፤ አፉ ግን አላረጀም።

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል!" አለ። "ኧረ ጋሽ ልክ፣ ታዲያ አሁን ያቺ ወረቀት እንዴት ነው የምትነበበው? ይፍረዱና ሥራችንን እንሥራ!"

ጋሽ ልክ ወደ ግድግዳው ዞሩ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ለዚያች ወረቀት መነጽር አያስፈልጋቸውም። ቀጭኔ ከጎናቸው ቆማለች፤ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ ልክ እንደ ድሮው።

"ሰፊ" አሉ ጋሽ ልክ፤ ላላ አድርገው።

እውነታቸውን ነበር።